ቤዝ አምፕ ልሞክር የገባሁበት ቤት

ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ የቤዝ አምፕሊፋየር የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ዱባይ ውስጥ ጊታር የሚነካካ ሐበሻ ሁሉ ስልኬን ከአንዱ ከአንዱ ተቀብሎ ይደውልልኛል። እኔም ስለ ስፒከሩ ስፋት፣ ስለ ሄድፎን መሰኪያው፣ ስለ ክብደቱ የማውቀውን እነግራለሁ። "አንተስ የራስህን እንዴት መረጥከው?" ሲሉኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ አልቀይርም። ልጻፈው።

ያን ጊዜ ዲራ ውስጥ በአንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ቢሮ እሠራ ነበር። የምኖረው አል ሙራቃባት ነው። ሦስት ሐበሾች አንድ ክፍል ተጋርተን፣ የእኔ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የተከራየኋት መኝታ፣ ከቁም ሳጥኑ ጋር የተጣበቀችው አልጋ ነበረች። ከአዲስ አበባ ስመጣ ቤዝ ጊታሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ አምፕ ግን አልነበረኝም። ያለ አምፕ ቤዝ የተጫወተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጣት ይሠራል፣ ጆሮ ምንም አያገኝም። መላዬ የጊታሩን ጫፍ ከቁም ሳጥኑ እንጨት ጋር አጣብቆ መጫወት ነበር። ያኔ እንጨቱ ራሱ ያስተጋባል። የክፍሌ ልጅ ዳዊት "ዛሬም ሳጥኑን ሆዱን ሊያመው ነው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሰናይት ቤት እንሰበሰባለን። ሰናይት ነርስ ናት፤ ባሏ ክራር ይደረድራል፣ እሷ ታንጎራጉራለች፣ እኔ ቤዝ ይዤ እቀመጣለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የሚሰማኝ የለም። እነሱ ቤት ቁም ሳጥን ተሸክሜ አልሄድ ነገር! ስለዚህ አምፕ ፍለጋ ጀመርኩ። አዲሱ በእኔ ደመወዝ የሚቀመስ አልነበረም። ያገለገለ ስፈልግ ሳትዋ የሚባል ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ አንዱን አገኘሁ፤ ወፍራሙን ክር ስመታው ስፒከሩ ልክ እንደ ተሰነጠቀ ጣሳ ተንጫረረብኝ። አጅማን ያየሁት ደግሞ ጤነኛ ነበር፤ ግን የሊድ ጊታር አምፕ ነው። ቤዝ ብሰካበት ስፒከሩን ቀድጄው ነበር የምመለሰው። በመጨረሻ ሻርጃ የሚሸጥ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፦ ትንሽ፣ የቤዝ፣ የሄድፎን መሰኪያ ያለው፣ ዋጋውም የሚቻል።

ወደ ሻርጃ ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ትራፊክ ፖሊስ ሳይ መኪና ሳይኖረኝ የወንበር ቀበቶ የምፈልግ ዓይነት። በሰው አገር ስኖር ደግሞ ባሰብኝ፤ መታወቂያዬን በቀን ስንቴ እንደምዳስሰው እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ አንድ የባህል ምሽት ቤት ባንድ ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ከበሮው፣ ከጥግ እኔ። አዝማሪው ሲደክመው ማይኩን ወደ እኔ ይገፋልና ከታዳሚው ግጥም እየተቀበልኩ መዝፈን ለምጄ ነበር። ያ ልማድ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሰጪው "ተቀበል" ካለ ጆሮ ይሰማል፣ አፍ ይዘፍናል፣ ጭንቅላት ከኋላ ነው የሚደርሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጊታሬን ጀርባዬ ላይ አዝዬ በአውቶቡስ ሻርጃ ወረድኩ፤ ከዚያ በታክሲ። ቤቱ ረጅም አጥር ያለው ቪላ ነው። ደውሉን ከመጫኔ በፊት ሸሚዜን አስተካክዬ፣ መታወቂያዬን ዳስሼ፣ ሁለቴ ተመለስ ተመለስ ብሎኝ ነበር። የከፈተልኝ ሻጩ ራሱ ነው። ራሺድ ይባላል፤ ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ሳቂታ፣ ነጭ ካንዱራ የለበሰ። ቤዝ ልማር ብሎ ገዝቶ ሳይማር የሰለቸው ሰው ነው።

"ሐበሻ ነህ?" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ጊታሬን እያየ። "ሠራተኛችን ብርቄም ሐበሻ ናት። ግባ፣ ግባ።"

እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ አምፑ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር፣ ከእጅ ሻንጣ ብዙም የማይበልጥ፣ አንድም ጭረት የሌለው። ተንበርክኬ መሰካት ስጀምር አንዲት ልጅ ሻይ ይዛ ገባች። ብርቄ ናት። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ማተቧ በሻሿ ሥር ትንሽ ይታያል። ትሪውን በቀኝ እጇ ብቻ ነው የያዘችው፤ ግራ ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቃለች። ክፍሉ በኤሲ በርዶ እያለ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ነበር።

"እህቴ፣ ሰላም ነው?" አልኳት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ አላየችኝም።

ዓይን አፋርነት መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አምፑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ክር ስመታ ግን ሌላው ሁሉ ከሐሳቤ ጠፋ። ድምፁ ወፍራም፣ ንጹህ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ። ለስንት ጊዜ ከቁም ሳጥን ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ባቲ ቅኝት ጀመርኩ፤ ራሺድ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ድምፁን ሰምታ የራሺድ እናት፣ ማዳም፣ ብቅ አለች። ደልደል ያለች፣ ፊቷ ፈገግ ያለ ሴትዮ ናት። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ለልጇ በዓረብኛ ብዙ ነገር አወራችው።

"እናቴ ምን ትላለች መሰለህ፣" አለኝ ራሺድ፣ "ብርቄ ወጥ ቤት ስትዘፍን ነው የምትውለው። ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ አገሯ ናፍቋት ይሆናል። የአገሯ ሰው እዚህ እያለ አብራችሁ አንድ ነገር ዝፈኑልን ትላለች።"

ማዳም ለብርቄ "ያላ፣ ያላ፣ ዘፈን" አለቻት፤ "ዘፈን" የምትለዋን ቃል ተምራታለች።

ብርቄ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"ወንድሜ፣" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለመዝፈን ትንፋሽ የለኝም። እንቢ ብላቸው ደግሞ ምን ሆነሽ ይሉኛል። አንተ ዝፈን፤ ግጥሙን እኔ ልስጥህ።"

ለራሺድ አስረዳሁት። በእኛ አገር እንዲህ ነው፣ ሰሚው ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ያዜማል አልኩት። ለእናቱ ተረጎመላት፤ ወደደችው። እኔም ባቲውን እያዞርኩ ጠበቅሁ።

"ተቀበል፣" አለች ብርቄ።

*መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ፣*
*ማንም ሳያውቅብኝ አለሁኝ ደብቄ።*

እኔም ተቀበልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሳምሬ ተቀበልኩ! "ወድቄ" ላይ ድምፄን አንቀጥቅጬ፣ "ደብቄ" ላይ ጎትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩት። ማዳም አጨበጨበች። ራሺድ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ጭንቅላቴ የደረሰው ያኔ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ብርቄ እያየችኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ የዘፈን ነገር የለም።

ጣቶቼ ሳልነግራቸው ዙሩን ቀጠሉ፤ ባይቀጥሉ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ብርቄ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆየት አለችና ሁለተኛውን ሰጠችኝ።

*ግራ ጎኔ አብጧል ትንፋሽም አጥሮኛል፣*
*ማዳም እንዳትሰማ ይመልሱኛል።*

ይህንንም ዘፈንኩት። አለመዝፈን አልችልም ነበር፤ ዝም ብል ሁለቱም ይጠይቁኛል። ማዳም እየሰማች "ማዳም እንዳትሰማ" ብዬ ዘፈንኩ። እንዲያውም ስሟን ስትሰማ ደስ ብሏት ወደ ልጇ እያየች ሳቀች። ከዚያች ሳቅ የበለጠ ያስፈራኝ ነገር አላስታውስም። ሦስተኛውን ስትሰጠኝ ድምፅዋ ከአምፑ ድምፅ በታች ሊሆን ምንም አልቀረውም።

*ከበሩ ጣልልኝ ማስታገሻ ኪኒን፣*
*ማንም ሰው ሳይሰማ ላስታምመው ጎኔን።*

ዘፈኑ አለቀ። ማዳም "ዋላሂ፣ ቆንጆ!" እያለች አጨበጨበች። ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፣ ባዶዎቹን የሻይ ኩባያዎች ትሪው ላይ ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ስትሄድ አካሄዷን አየሁት፤ ወለሉ የሚከዳት ይመስል ነበር።

"እሺ፣ ትወስደዋለህ?" አለኝ ራሺድ።

ጉዳዩ ይህ ነበር። "አዎ" ካልኩ ከፍዬ፣ አምፔን አንጠልጥዬ መውጣት ነው። ከወጣሁ በኋላ ያ በር ለእኔ አይከፈትም። ኪኒን ገዝቼ በር ላይ ጥዬላት ልሂድ? ወይስ ለማዳም ልንገራት? ልጅቷ በዘፈን አደራ ብላኛለች። ከአገር ስትወጣ ኤጀንሲው ውስጥ ምን እንዳሏት አውቃለሁ፤ ለሁሉም የሚሉት ያንኑ ነው፣ "አሞኛል ያለች ሴት ሻንጣዋን ታዘጋጅ" ይሏቸዋል። ስንቶቹ እህቶቻችን ትኩሳታቸውን በሻሽ ሸፍነው ወለል ሲወለውሉ እንደሚውሉ ታውቃላችሁ።

"ትንሽ ልሞክረው፣" አልኩት። "ይቅርታ፣ ያገለገለ ስለሆነ ሁሉንም መሰኪያ ማየት አለብኝ።"

በዓለም ላይ አንድ ትንሽ አምፕ እንደዚያ ቀን ተፈትሾ አያውቅም። መቆጣጠሪያውን አንድ በአንድ አዞርኩ። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ሄድፎን አስመጣሁ። ከኋላ አገላብጬ የማይነበብ ጽሑፍ አነበብኩ። መሀል ላይ "ዋጋውን ጓደኛዬን ልጠይቅ" ብዬ ስልኬን አወጣሁና ለሰናይት ጻፍኩላት። ጣቴ ፊደል እየሳተ፣ አንዲት ሴት ከመሰላል ወድቃ ግራ ጎኗ አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሯታል፣ በኤሲ ውስጥ ያልባታል፣ ምን ኪኒን ልግዛላት አልኳት።

መልሱ ወዲያው መጣ። "ግራ ትከሻዋን ያማታል? ጠይቃት።"

ትከሻ? የወደቀችው በጎኗ ነው፣ ትከሻ ምን አመጣው? ግን ሰናይት ስትሠራ ትርፍ ጥያቄ አትጠይቅም።

ማዳም ስልክ እያወራች ነበር። ራሺድ ሰዓቱን ያያል። ብርቄ በትሪ ውሃ ይዛ ስትመለስ እንደገና ባቲዬን ጀመርኩ፤ እንደ ቀልድ፣ ለራሴ እንደማንጎራጉር።

*እስቲ ልጠይቅሽ እህቴ አትደብቂኝ፣*
*ግራ ትከሻሽን ያምሻል ወይ ንገሪኝ።*

ገጣሚ አይደለሁም፤ ቤቱም የተመታው በግድ ነው። ብርቄ ግን ትሪውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ግጥም አልሰጠችኝም።

"እንዴት አወቅህብኝ?" አለች። "ከትናንት ጀምሮ ነው። ማንም አላየኝ፣ እንዴት አወቅህ?"

ስልኬን ከጊታሩ ጀርባ ሸሽጌ "አዎ" ብዬ ላክሁ። ሰናይት የጻፈችው ዛሬም አለኝ፤ አላጠፋሁትም። "ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል። ኪኒን እንዳትሰጣት። አሁኑኑ ለቤቱ ሰዎች ንገራቸው፣ አምቡላንስ ይጥሩ። አሁኑኑ።"

የብርቄን ፊት አየሁ፣ የራሺድን ፊት አየሁ፣ የተዘጋውን የውጭ በር በሐሳቤ አየሁት። ሰው ሊሞት እያለ ዝም ብዬ አልወጣም ማለት ከሩቅ ሆኖ ይቀላል። እዚያ ስትቀመጡ ግን አደራ የሰጠቻችሁ ልጅ ፊት ለፊታችሁ ቆማለች።

ጊታሬን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ።

"ራሺድ፣" አልኩት፣ "ብርቄ ታማለች። ወድቃ ተጎድታለች። ለእናትህ ንገራት፣ ሆስፒታል መሄድ አለባት፣ አሁን።"

"ማን?" አለ፤ ዞሮ አያት። "ብርቄ?"

ብርቄ እንግሊዝኛ አትችልም። ሆስፒታል የምትለዋን ግን ለይታ ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ያ ፊት እስካሁን ሕልሜ ውስጥ ይመጣል።

"አደራ ብዬህ!" አለችኝ። ከዚያ ወደ ማዳም ዞራ ፈገግ አለች። "ላ ማዳም፣ አና ዘይና! ማፊ ሙሽኪላ!" ደህና ነኝ፣ ምንም ችግር የለም ትላለች። ይህን እያለች ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ የቀሩትን ኩባያዎች አነሣች፤ ለማሳየት ትሪውን በሁለት እጇ ያዘችው። ሁለት እጇ ሲነሣ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ፈገግታዋ ግን አልወረደም።

ራሺድ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ሳቁ ጠፍቷል። "ይኸው ደህና ነኝ እያለች ነው። አንተ እንዴት አወቅህ?"

"ነገረችኝ።"

"መቼ? ከእኛ ፊት አልተንቀሳቀስክም። ስትዘፍኑ ነበር እኮ!"

"ስንዘፍን ነው የነገረችኝ።"

እስቲ ይህን በእሱ ጆሮ ስሙት። እኔ ራሴ የምናገረውን ስሰማ ውሸታም መሰልኩ።

"ታውቃታለህ ማለት ነው፣" አለ ቀስ ብሎ። "አምፑ ምክንያት ነው። እሷን ልታስወጣ ነው የመጣኸው። መታወቂያህን ስጠኝ።"

ሰጠሁት። ያን ያህል ስዳስሰው የኖርኩት መታወቂያ ሰው እጅ ገባ። ፖሊስ፣ ሆቴሉ፣ ቪዛዬ፣ እናቴ፣ ሁሉም በአንዴ መጡብኝ። "ተሳስቻለሁ" ብል በዚያች ደቂቃ ይለቀኝ ነበር። ብርቄም እንድለው በዓይኗ ትለምነኛለች። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ማዳም "ሹ ሙሽኪላ?" ምን ችግር ተፈጠረ እያለች ከሶፋው ተነሣች። እኔ ዓረብኛዬ የሆቴል ዓረብኛ ነው፣ ሰባራ። ለእሷ ነበር መንገር የነበረብኝ። "ማዳም፣" አልኳት እየተንተባተብኩ፣ "እጇን፣ ግራ እጇን ወደ ላይ ታንሣ። በያት። ካነሣች እኔ ውሸታም ነኝ፣ ፖሊስ ጥሩ።"

ማዳም ለብርቄ በምልክት አሳየቻት፤ የራሷን ግራ እጅ ወደ ላይ አነሣች።

ብርቄ እኔን አየችኝ። ትሪውን አላስቀመጠችም። በቀኝ እጇ እንደያዘችው፣ ፈገግ እንዳለች፣ ግራ እጇን ማንሣት ጀመረች። እስከ ደረቷ አደረሰችው። አገጯ ጋ ደረሰ። እኔ በልቤ "አታንሺ፣ አታንሺ" እላለሁ። ከዚያ በላይ ሄደ፣ እልኸኛ ናት፣ እውነትም አነሣችው። ትሪው ቀድሞ ወደቀ፣ እሷ ተከትላ። ኩባያዎቹ ሲሰበሩ ድምፁ አምፑ ውስጥ ገብቶ የጊታሬ ክሮች ብቻቸውን ጮሁ። አላጠፋሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ማዳም ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የብርቄን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ "ቢንቲ፣ ቢንቲ" ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ራሺድ አምቡላንስ ሲጠራ መታወቂያዬ አሁንም ጣቶቹ መሀል ነበር። ማዳም ሻሿን ስትፈታላት፣ ልብሷን ገለጥ ስታደርግ፣ ፊቴን አዞርኩ፤ ግን ጩኸቷን ሰማሁ። ጎኗ እስከ ወገቧ ጠቁሮ ነበር። ሴትዮዋ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች አላየችም፤ ብርቄ በደንብ ደብቃለች። ፍርሃት ሰውን እንደዚያ ጎበዝ ያደርጋል።

አምቡላንሱን ተከትለን ሄድን፤ ሆስፒታል ውስጥ አማርኛ የሚችል ስላልነበረ እኔን አስገቡኝ። አልጋው ላይ ከለሯ የግድግዳ ሆኗል። ሐኪሙ የሚለውን ነገርኳት፤ ውስጥሽ ደም ይፈስሳል፣ አሁን ሊከፍቱሽ ነው፣ ካልከፈቱሽ ትሞቻለሽ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና በደካማ ድምፅ፦

"ገደልከኝ፣" አለች። "ልጄ ከእናቴ ጋር ናት። ትምህርት ቤት የገባችው በእኔ ነው። አሁን ይመልሱኛል። አምኜህ ነበር እኮ።"

እየገፉ ወሰዷት።

የቀረው መጠበቅ ነው። ውጭ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሰዎች ይበላሉ፣ ስልክ ያወራሉ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመቆየቴ፣ በዚያ ሁሉ መሰኪያ ፍተሻ፣ ልጅቷ አልቃ ይሆን? ማዳም ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ራሺድ አጠገቤ መጣና መታወቂያዬን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ "አምፑን ትወስደዋለህ?" አለኝ። ሳቅ ጀመረኝ፤ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እሱም ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን ማየት ፈርቼ ጫማውን ነበር የማየው። "ትተርፋለች" አለ። ጣፊያዋ ተቀድዶ ነበር፤ ትከሻዋን ያሳመማትም እሱ ነው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የሚለውን ሲጀምር ማዳም ተነሥታ እጁን ያዘችው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ።

ብርቄ ተረፈች። የፈራችውም ደረሰ። ማዳም እንድትቆይ ፈልጋ ነበር፤ ደግሞም ሆስፒታል ምግብ እያመላለሰች ስታስታምማት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከባድ ሥራ አትሠራም ተባለ፣ ኤጀንሲውም ኸላስ፣ አበቃ አለ፤ ቁስሏ እንደ ጠገገ ወደ ወሎ ተመለሰች። ልሸኛት ኤርፖርት ሄጄ ነበር። አላናገረችኝም። ሻንጣዋን ልይዝላት ስል በግራ እጇ ነጠቀችኝ፤ በዚያችው እጅ።

አንባቢዎቼ፣ ትክክል ነበርኩ ብዬ እንድጽፍላችሁ አትጠብቁኝ። ያ ቀን ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ አንዳንዴ የሰውን ሕይወትና የሰውን አመኔታ በአንድ እጅ ይዞ መውጣት እንደማይቻል ነው። አሁንም ፈሪ ነኝ። ግን የምፈራው ነገር ተለውጧል። ፖሊስ አያስፈራኝም፤ "ደህና ነኝ" እያለ ፈገግ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ። ሜትሮ ውስጥ፣ ሆቴሉ ኮሪደር፣ አንዲት እህት ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ሳይ አላልፍም፤ ይሳቅብኝ ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ከመመለስ የከፋ አለ። ይህን ስላችሁ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚያጣ ሳላውቅ አይደለም።

አምፑን ገዛሁት፤ በማስታወቂያው ዋጋ። ለረጅም ጊዜ ግን አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። ስሰካው የትሪው ድምፅ ይመጣብኝ ነበርና ወደ ቁም ሳጥኔ ተመለስኩ።

ባለፈው ክረምት የማላውቀው የአገር ቤት ቁጥር ደወለ።

"እንዳትነግር ብዬህ ነበር" አለችኝ፣ ሰላምታ የለ።

"አዎ፣ ብለሽኛል።"

"መለሱኝ።"

"አውቃለሁ።"

ከኋላዋ የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ልጇ መሆን አለባት።

"ይቅር አላልኩህም፣" አለች። "እንድታውቀው ነው። ያ ጥቁር የድምፅ ሳጥን አለ ወይ?"

"አለ።"

"ስካው እስቲ። ያን ቀን ትንፋሽ አልነበረኝም፤ አንተ ነህ የዘፈንከው። ዛሬ እኔ ነኝ የምዘፍነው።"

ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት፣ አቧራውን በእጄ ጠረግሁ፣ ሰካሁት። ስልኩን ትራሱ ላይ አድርጌ ባቲ ጀመርኩ። ብርቄ ትንፋሽ ሳበች፤ ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል ይዛ ወጣች፣ ጎተተችው፣ ጎተተችው፤ እኔ ክሩ ላይ ጣቴን እንዳሳረፍኩ ትንፋሿ የሚያልቅበትን ጠበቅሁ። ቶሎ አላለቀም።